በእትዬ ዘነበች ቤት በፍልሰታ ሰው አይገደልም

ባለፈው ቅዳሜ ዓለም ባንክ ሰፈር ባለው ቤታችን ሳሎን፣ ልጄ ናቲ ጌም ሲጫወት አጠገቡ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ነበር። አጠገቡ ስል እንዲያው ለወጉ ነው። ያንን ትልቅ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ከደፋ በኋላ አጠገቡ ብቀመጥ አስኮ ሄጄ ብቀመጥ ለእሱ ያው ነው። ቴሌቪዥኑ ድምፅ የለውም። እሱ እኔ ከማላያቸው ጓደኞቹ ጋር ይከራከራል። "ታሪኩማ ቀሽም ነው፤ ግን አይሰለችም፤ አንዱን ግቢ መቶ ጊዜ በመቶ መንገድ ትገባበታለህ" ሲል ሰማሁት።

ጌሙን አወቅኩት፤ በልጅነቴ የተጫወትኩት ነው። ተደብቆ የመሄድ ጌም ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ክፍል እንደወጣለት እንጃ፤ ይኼኛው የመጀመሪያው ታድሶ የተሠራ ነው አለኝ። ጥቁር የለበሰው ሰውዬ ግድግዳ ታክኮ ሲሄድ፣ ዘበኛው ዞር ሲልለት ሾልኮ ሲያልፍ እያየሁ ቆየሁ። በመጨረሻ ሰውዬው አንድ መቃብር ፊት ተንበረከከ። የናቲን ትከሻ ነካ አደረግኩት።

"የማን መቃብር ነው?"

አንዱን ጆሮውን ገለጥ አድርጎ "የአለቃው ነዋ! ሥራውን ያስተማረው ሰውዬ" አለኝ።

"የእናቱ አይደለም?"

"የምን እናት? እናት የሚባል ነገር እኮ ጌሙ ውስጥ የለም አባዬ" አለና ጆሮውን መልሶ ደፈነ።

ሳቅኩ። ወዲያው ደግሞ ሳቄን ትቼ ተነሳሁና በረንዳ ወጣሁ። ያሳቀኝን ነገር የምነግረው ሰው አጣሁ።

ያኔ አስራ አራት ዓመቴ ነው። የምኖረው ኮልፌ፣ ከአጣና ተራ ወረድ ብሎ፣ ከአክስቴ ከጥሩነሽ ጋር ነበር። አባቴን አላውቀውም። እናቴ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራ ነበር። አክስቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ብቻ ጎህ ሲቀድ ወጥታ ሲመሽ የምትገባ ነጋዴ ስለነበረች ቤቱን የምንጠብቀው እኔና ቁልፉ ነበርን። ክረምት ሆኖ ትምህርት ሲዘጋማ ከሰው ጋር ሳልነጋገር የምውልበት ቀን ብዙ ነው። አንዳንዴ ድምፄ እንዳለ ለማየት ብቻዬን እቆጥር ነበር።

ከእኛ ትንሽ ዝቅ ብሎ የእትዬ ዘነበች ጌም ቤት ነበር። እትዬ ዘነበች ባላቸው ሲሞቱ ሳሎናቸውን ለሁለት ከፍለው፣ ከመጋረጃው ወዲህ ቴሌቪዥንና አግዳሚ ደርድረው ጌም ቤት የከፈቱ ሴት ናቸው። ሰፈሩ "ዱርዬ ሰበሰቡ" ብሎ ያማቸዋል። እሳቸው ግድ የላቸውም፤ ጥግ ላይ ተቀምጠው ዳንቴል እየሠሩ ተሳዳቢውን በኩርኩም ይሉታል። ከራሳቸው በላይ መደርደሪያ ላይ ደግሞ ዳንቴል የለበሰ ስልክ አለ። የጎረቤቱ ሁሉ ስልክ እሱ ነው። እናቴ እሁድ ከሰዓት ስትደውል እትዬ ዘነበች አጥር ላይ ቆመው "ሙሌ! ቤሩት!" ይላሉ፤ እኔ በባዶ እግሬ እበራለሁ።

ከግንቦት ወዲህ ግን ስልኩ ለእኔ አልጮኸም። ያኔ ነው ጌም ቤቱን ቤቴ ያደረግኩት። አክስቴ "ይኼ ልጅ በጌም አበደ" ትላለች። ኧረ ጌሙ አልነበረም! ስልኩ ሲጮኽ እዚያው ልገኝ ብዬ ነው። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም፤ ማንስ ጠይቆኝ።

የቤቱ ሕግ ቀላል ነበር፦ ዘበኛ ያየው ሰው ጆይስቲኩን ለባለተራ ያስረክባል። የደረስንበትን የሚያስቀምጥልን ካርድ አልነበረንም። የኮልፌ መብራት ደግሞ በክረምት ዝናብ ሲያጉረመርም ገና ይሄዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ግቢ እንጀምራለን። ያው አጥር፣ ያው መብራት፣ ያው የሚያንቀላፋ ዘበኛ። ንግግር ሲመጣ ግማሹ "እለፈው! እለፈው!" ይላል፤ የምንከፍለው በሰዓት ስለሆነ ሰዓት እየበላ ነዋ። ግማሹ ደግሞ "ቆይ፣ ሳሚ ይተርጉም" ይላል።

ሳምሶን አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት የሚጠብቅ ቀጭን ጎረምሳ ነበር። እንግሊዝኛ ይችላል ተብሎ የቤቱ አስተርጓሚ ሆኗል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው ከቴሌቪዥኑ አንዲት ቃል አትሰማም፤ እሱ ግን ይተረጉማል! አንድ ቀን ሰውዬው የታሰረ ወንድሙን ሊያስመልጥ ነው፤ ሌላ ቀን መሬቱን የተቀማ የአስኮ ገበሬ ነው። ዛሬ እነናቲ ታሪክ ይበልጣል፣ መደጋገም ይበልጣል ብለው ሲከራከሩ ይገርመኛል። እኛ ዘንድ ጌሙ አንድ ነበር፤ በየቀኑ አዲስ የሚሆነው ታሪኩ ነው።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን "ሳሚ፣ የእውነት ማንን ነው የሚፈልገው?" አልኩት።

"እናቱን" አለኝ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። "ወስደው አንድ ቤት ዘግተውባታል። መደወል አትችልም።"

ከዚያ በኋላ ሌላ ታሪክ አልሰማም አልኩ። ሌላ ሲጀምር "የእናቱን!" እያልኩ እነዘንዘዋለሁ። እየሳቀ ይቀጥልልኛል። "ያገኛታል ወይ?" ስለው "ጨርሰውና ታያለህ" ይላል። እኔም ግቢውን ጨርሼ ባገኛት እናቴ ትደውላለች ብዬ ለራሴ ተሳልኩ። የልጅ ነገር!

ፍልሰታ ገባ። የጾሙ መጀመሪያ ቀን እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን መስቀለኛ እንዳጣፉ ከቤተ ክርስቲያን መጡና ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሙ።

"ከዛሬ ጀምሮ በቤቴ ሰው አይገደልም። ጾም ነው።"

"እትዬ፣ ጌም እኮ ነው!"

"ጌሙም ይጹም!"

ሳቅን፤ ግን እትዬ ዘነበች ካሉ አሉ ነው። መተኮስ ቀረ። ቅዳሴ እስኪያልቅ አፋችን ደርቆ፣ አስራ ስምንት ከሚባለው ሰፈር ቤተ ክርስቲያን መልስ የዝናብ ጭቃ ጫማችን ላይ እንደተለጠፈ፣ መንገድ ዳር በከሰል የተጠበሰ የበቆሎ እሸት እየጋጥን እንገባና እንጫወታለን። ያለመግደል ጌሙ ሌላ ጌም ሆነ። ጥላ ውስጥ ትጠብቃለህ። ዘበኛው የት እንደሚዞር፣ የት ቆሞ እንደሚያዛጋ ታጠናለህ። ትንፋሽህን ትውጣለህ። እኔ ደግሞ ለመጠበቅ ማን ብሎኝ!

በዚያው ሰሞን ሰው ሁሉ ደግ ሆነብኝ። ዘበኛ ሲያየኝ "ይሁን፣ ሙሌ ይድገም" ይላሉ። ትናንት ጆይስቲክ ነጥቆ የሚገፈትረኝ ልጅ ከበቆሎው ገምሶ ሰጠኝ። እትዬ ዘነበች ሰዓቴን መያዝ ትተው የሽሮ ፍትፍት ያጎርሱኝ ጀመር። ስልክ ሲጮኽ ከሁሉም ቀድመው ያነሳሉ፤ ጀርባቸውን ሰጥተው በሹክሹክታ ያወራሉ። "ቤሩት ነው?" ስላቸው "አይ ልጄ፣ ለጎረቤት ነው" ይሉኛል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ወደደኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሳምሶን ብቻ መተርጎሙን ተወ። የእናቱን ንገረኝ ስለው ራሴን አመመኝ ይላል።

ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ አንድ ከሰዓት መብራቱ ሳይሄድ ዋለ። የመጨረሻውን ግቢ አንድ ሰው ሳልገድል አለፍኩት። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ከዚያ ያ መቃብር መጣ። ሰውዬው ተንበረከከ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። "እለፈው" ያለ ሰው የለም።

"ሳሚ፣ ምን አለ? የማን ነው?"

የእትዬ ዘነበች እጅ ዳንቴሉ ላይ ቆመ።

"የሌላ ሰው ነው" አለ ሳምሶን በመጨረሻ። "እሷ እዚህ የለችም። ሌላ ቤት ወስደዋታል ነው የሚለው። ክፍል ሁለት ላይ ያገኛታል።"

"ማርያምን በል!"

"ማርያምን!"

በራሷ ጾም በስሟ ሲማል እትዬ ዘነበች ፊት! እጃቸው እስኪሰነዘር ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ዳንቴላቸውን አስቀምጠው፣ መጋረጃውን ገልጠው ወደ ውስጥ ገቡ። እኔ ልቤ በደስታ ጮቤ ይረግጣል። "ከመጀመሪያው ልድገመው?" አልኩ። ማንም እንቢ አላለኝም።

ጾሙ በተፈታ ማግስት፣ ገና ሳይነጋ በራችን ተንኳኳ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ከደብረ ማርቆስ ገብቶ ኖሯል። ከኋላው ሽማግሌዎች፣ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ጥቁር የለበሱ እትዬ ዘነበች። አክስቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ደረቷን ስትመታ አየሁ። አጎቴ ጭንቅላቴን ይዞ ደረቱ ውስጥ ወሸቀውና "አይዞህ፣ እናትህ አርፋለች" አለኝ። ደጅ የድንኳኑ እንጨት ተከምሯል፤ አግዳሚው ተደርድሯል። ሳምሶን የድንኳን ገመድ እንደያዘ፣ እኔ ገና ሳላለቅስ ይንሰቀሰቃል።

እናቴ ታማ የሞተችው በሐምሌ መጨረሻ ነው። ወሬው የመጣው በዚያው ስልክ ነው፤ ያነሱት እትዬ ዘነበች ናቸው። ታላቅ ወንድሟ ሳይመጣ መርዶ አይነገርም፣ እስከዚያ ልጁ እንዳይሰማ ተብሎ ሰፈሩ ተማከረ። ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር አፉን ያዘ። ከዚያ በፊት በነበረው ፍልሰታ በዚያ ቴሌቪዥን ስንቱን ስንረፈርፍ እትዬ ዘነበች ምንም ብለውን አያውቁም። እኔ ፊት ሰው ሲሞት ማየት አልቻሉም፤ ሌላ ነገር አይደለም።

ለዓመታት ተቀይሜያለሁ። ሁሉም የሚያውቀውን እኔ ብቻ ሳላውቅ፣ እሸት እየጋጥኩ፣ ሰው ወደደኝ እያልኩ መሳቄ ያንገበግበኛል። ያንን ሁለት ሳምንት በሐሳቤ ስንት ጊዜ ደገምኩት! በአንዱ የእትዬ ዘነበችን ዓይን አይቼ እነቃለሁ፤ በሌላው ስልኩን ቀድሜ አነሳለሁ። የትኛውም መንገድ ያችን ጠዋት አያስቀርልኝም።

አሁን ቂሙ የለም። እትዬ ዘነበች አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ሰፈሩ ለመንገድ ፈርሶ ሰዉ ተበታትኗል። ሳምሶንን ያየ ሰው አላገኘሁም፤ ጠይቄ ጠይቄ ተውኩት። ባገኘው "በሐሰት አልማልክም፤ መቃብሩ የሌላ ሰው ነበር" እለው ነበር። ማን ያውቃል፣ ያ መሐላ እስከ ዛሬ ይከነክነው ይሆናል።

እዚያ በረንዳ ላይ ቆሜ ግን ከዚህ በፊት ያላሰብኩት ነገር መጣብኝ። ሁልጊዜ የተታለልኩት እኔ ነኝ እል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ በየሆዱ ቀብሯት በከረመበት በዚያ ሁለት ሳምንት፣ እናቴ በሕይወት የነበረችው እኔ ዘንድ ብቻ ነበር።