የጋሼ መርሻ የቅዳሜ ሽርሽር

ጋሼ መርሻ ወንድማቸውን ሊጠይቁ በሄዱባት ደሴ ምሳ በልተው እንደተነሡ ደረታቸውን ያዙ፤ ሐኪም ቤት ሳይደርሱም አረፉ። በማግስቱ ከአባታቸው አጠገብ ተቀበሩ። እዚህ የስደት ሰፈራችን ፌርፋክስ ላይ ለምታውቋቸው ሁሉ፣ በተለይም በትሬይለራቸው ሽርሽር ወጥታችሁ ለተመለሳችሁ፣ ይህን የምጽፈው እኔ ሰናይት ነኝ፤ መንገደኛ የማመላልሰው የኤርፖርት ሻትል ሹፌሯ። እኚህን ሰው ለማወደስ እኔ አልመረጥም ነበር፤ ክፉኛ ተቀይሜያቸው ነበርና።

ጋሼ መርሻ በርባንክ ውስጥ ለፊልም ሠሪዎች ትሬይለር ሲጎትቱ ኖረው ጡረታ ወጡ። አሁንስ ያርፋሉ ስንል አንዲት አሮጌ ትሬይለር ገዝተው መጡ፤ አልጋ፣ ምድጃና ጠረጴዛ ያላት ነጭ ተጎታች ቤት። ባለቤታቸው እትዬ የሺ «ዕድሜ ልክህን ጎትተህ አልወጣልህም?» ብለው ሳቁባቸው። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሁለት ሦስት ሰው ፒክአፓቸው ላይ ጭነው፣ ትሬይለሯን ከኋላ አስከትለው ወደ ጥንታዊ ትንንሽ ከተሞች መውጣት ልማዳቸው ሆነ። አዝግመው ነው የሚነዱት። ከኋላ የሚመጣው ሁሉ ጡሩንባ ሲነፋባቸው «የቸኮለ ይለፍ፤ እኛን የሚጠብቀን የለም» ይላሉ። ደርሰው ደግሞ የሚያልፉት ነገር የለም፤ የድሮውን እስር ቤት፣ የወርቅ ቆፋሪዎቹን ጎጆ፣ ግድግዳ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ቆመው ያነባሉ። ምሳ ትሬይለሯ ውስጥ ነው፤ የሚያበስሉት እትዬ የሺ ናቸው።

ሽርሽሩ ግን ሽርሽር ብቻ አልነበረም። ነገሩ የጀመረው ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር አንድ ሱቅ ውስጥ ትሠራ በነበረች ልጅ ነው። ወንድሟ አገር ቤት ሞቶ፣ እኛ ሁላችን ከሥራ ወጥተን ማታ ተሰብስበን ልናረዳት ተማክረን ሳለ፣ ልጅቷ እረፍት ላይ ስልኳን ስትከፍት የወንድሟን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ አየችው። ብቻዋን ወደቀች። «ወንድሜ» ብላ በአማርኛ ስትጮህ የሚሰማት ሰው አልነበረም። ጋሼ መርሻ ያን ዕለት እህል አልቀመሱም። «መርዶ ሰው መሀል ተሁኖ የሚሰማ ነገር ነው፤ እኛ አገር ጠላት እንኳ ብቻውን አይረዳም» አሉ።

ከዚያ በኋላ ከአገር ቤት ክፉ ወሬ ሲመጣ፣ ሐዘንተኛው ሳይሰማ ይዘውት ይወጣሉ። በረሃው ጫፍ ያለችው ራንድስበርግ ስልክ እንደልብ አይሠራባትም። እዚያ ሲያዞሩት ውለው፣ ቤቱ በሰው ሲሞላ ይመልሱታል። እንዳይጠረጠርም ብዙውን ቅዳሜ ያለ ምክንያት ሰው ይዘው ይወጡ ነበር። ፌርፋክስ ላይ ይህን የማያውቅ የለም፤ የትኛው ቅዳሜ የምን እንደሆነ ግን አይታወቅም። ስንቱ ነው እሺ ካለ በኋላ ተደብቆ አገር ቤት የደወለው!

እኔም ደርሶኛል። ራንድስበርግ ገብቼ አይስክሬም በላሁ፣ የቆፋሪ ባርኔጣ አድርጌ ፎቶ ተነሣሁ፣ በእትዬ የሺ ቀልድ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። ማታ ስንመለስ ሰፈራችን ፓርኪንግ ጠፋ። መኪኖቹን አየኋቸው፤ የሁሉንም ባለቤት አውቃለሁ። አባቴ ነበር። አልቅሼ ሲወጣልኝ ጋሼ መርሻ ላይ ዞርኩ። «አባቴ ሞቶ እኔ አይስክሬም እየላስኩ ልዋል? ማን ፈቀደልዎ?» አልኳቸው፣ በሰው ሁሉ ፊት። ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። «ልጄ፣ ሐዘኑ የትም አይሄድብሽም። አንድ ቀን ልጨምርልሽ ብዬ ነው» አሉ። አልተዋጠልኝም። ያን ፎቶ አጠፋሁት፤ ብዙ ወራትም ሰላምታ ነሣኋቸው። እሳቸው ግን ባገኙኝ ቁጥር «ደህና ዋልሽ ልጄ» ማለታቸውን አልተዉም። ኋላ ላይ መነጋገር ጀመርን፤ ትሬይለር መጎተትም አስተማሩኝ። በዚያ ነገር ግን አልታረቅንም። እኔ በማንም ላይ ይህን አላደርግም ብዬ ምዬ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ከደሴ ተደወለልኝ። የወንድማቸው ልጅ ነው። «ቀብረናቸው መመለሳችን ነው። ‹አንድ ነገር ከሆንኩ የሺ ጋ እንዳትደውሉ፣ ሰናይት ጋ ደውሉ› ብለውን ነበር» አለኝ። ወይ ጉዴ! ይህ ሁሉ ወዳጅ እያላቸው እኔን! ዴንቨር ያለው ልጃቸው ጋ ደወልኩ። «ሶ፣ ማዘር አልሰማችም? እስክደርስ እንዳትነግሯት፣ ፕሊስ» አለኝ፤ የሚደርሰው ማታ ነው። ሽማግሌዎቹም «ማታ ይነገራቸው» አሉ። ሻማው ያለበት ፎቶ ግን እስከ ማታ አይጠብቅም። ስለዚህ ማንንም ሳልሰማ፣ ለእትዬ የሺ በራፋቸው ላይ ቁርጡን ልነግራቸው ወስኜ ሄድኩ።

እትዬ የሺ በሩን ከፈቱ። ጠዋት ፊታቸውን ታጥበው ገና አላደረቁትም። አፌን ስከፍት የወጣው «እትዬ የሺ፣ ዛሬ ሽርሽር ብንወጣስ?» የሚል ነው።

ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ አደረቁ።

«ኦኬ፣ ምሳ ላሰናዳ» አሉ።

እኔ ትሬይለሯን ከጋሼ መርሻ ፒክአፕ ጋር አገናኘሁ፤ እትዬ የሺ ገብተው ስልካቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። መንገዱን ሁሉ አንዲት ጥያቄ አልጠየቁኝም። ራንድስበርግ ስንደርስ ክንዴን ያዙና እስር ቤቱን አሳዩኝ፣ የጎጆዎቹን ጽሑፍ አስነበቡኝ፣ ባለቤታቸው ያነበቡላቸውን ታሪክ ሁሉ መልሰው አወሩልኝ፣ እኔ ስሳሳት አረሙኝ። ምሳ አቅርበው በሉ፤ እኔ ግን እንጀራዬን ቆራርሼ ተውኩት። «ብይ እንጂ» አሉኝ። «እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስንቱን ሐዘንተኛ አብልቻለሁ። አፉ ላይ ምን ምን እንደሚለው ግን አላውቅም ነበር።»

ስንመለስ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ «ልጄ ከዴንቨር በስንት ሰዓት ይገባል?» አሉኝ።

መሪውን እንደያዝኩ እንባዬ ፈሰሰ። ዳር ይዤ ልቆም ስል ክንዴን ጨበጡኝ። «ንጂ። ገና አልተነገረኝም። ቀኔን እንዳትወስጂብኝ» አሉ።

ሰፈሩ በመኪና ተሞልቶ ነበር። ከመውረዳቸው በፊት ነጠላቸውን አውልቀው፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዘቅዝቀው ለበሱት። ከዚያ ገቡ። ሽማግሌው ገና «እትዬ የሺ፣ እንግዲህ...» ሲሉ፣ ቀኑን ሙሉ አፍነውት የዋሉት ጩኸት ወጣ። እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም።

ጋሼ መርሻ፣ እኔና እርስዎ በአባቴ ነገር ሳንታረቅ ሄዱ። ዛሬም ንዴቴ ሙሉ በሙሉ አልበረደም፤ እርስዎን አልዋሽዎትም። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። ያን ቅዳሜ እርስዎ ደሴ አፈር ለብሰው ሳለ፣ እትዬ የሺ እያወቁ፣ ባል እንዳላት ሴት ታሪክዎን እያወሩ ዋሉ። እስከ ማታ ድረስ ሚስትዎ ነበሩ። አፈሩ ይቅለልዎ፣ አባቴ።