በቡሪ ቀንድ አውጣ ስንለቅም

ትናንት ሰላጣ ሳጥብ ከቅጠሉ ጀርባ አንዲት ቀንድ አውጣ ወጥታ ጣቴ ላይ ተጣበቀች። ከምስር ፍሬ አትበልጥም። ሌላ ሰው ቢሆን ከእጣቢው ጋር ይደፋት ነበር፤ እኔ ግን ቧንቧውን ዘግቼ ቆሜ ቀረሁ። የርጥብ ቅጠል ሽታና ጣት ላይ የሚንፏቀቅ ቀዝቃዛ ነገር አንድ ላይ ሲመጡብኝ ኮምቦልቻ መሆኔን እረሳለሁ። ካርቱም ነኝ፤ ቡሪ፣ ያ ግቢ ውስጥ። ልጅ እግር ነኝ፤ በሩም ከውጭ ተቆልፏል።

እዚያ ቤት ያስገባኝ ደላላ ነው። ጀዋዜን፣ ፓስፖርቴን ማለቴ ነው፣ ለቤቱ ጌታ ታላቅ ወንድም አስረክቦ ሄደ። ለቤተሰቡ ሁሉ ሠራተኛ የሚያስመጣው እሱ ነበር፤ የሁላችንንም ጀዋዝ የሚይዘው እሱ።

የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይለኛል። ማዳሜ ወደ ሳሎን አስገባችኝና በእጇ እያሳየች "ሖዱን አጽጂ" አለችኝ። ዐረብኛዬ ገና ነበርና እኔ የሰማሁት የኛን ሆድ ነው። ደንግጬ ሆዴን በሁለት እጄ ያዝኩ። ባሏ ከወንበሩ እስኪወድቅ ሳቀ። ሖድ የሚሉት ለካ ገንዳውን ኖሯል፤ አልጋ የሚያህል የመስታወት ገንዳ፣ በውስጡ ወርቃማ ዓሦች የሚንሳፈፉበት፣ አየር የሚነፋው ሞተር እንደ ድስት የሚንተከተክበት። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ የውኃው ብርሃን ጣሪያው ላይ ይወዛወዝ ነበር። ባልየው ለእሷ ያሠራላት ነው። በእንግዶች ፊት "ይሄ የእሷ ነው፤ እኔ ጠባቂው ነኝ" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አንድ ቀን ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ከሚባለው ሰፈር ካለ የዓሣ ሱቅ አረንጓዴ ተክል ገዝቶ መጣና እንደመጣ ገንዳው ውስጥ ተከለው። ያን ሰሞን ከሥራ ሲመለስ ድልድዩ ላይ መኪናው ተጋጭቶ ሞተ።

ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ቤት የምትቀመጠውን፣ እኛ አገር ዒዳ የምንለውን፣ እነሱ "ሐብስ" ይሉታል። እስር ማለት ነው። ማዳሜ ነጭ ለብሳ ሳሎኑ ውስጥ ተቀመጠች። ሽቶ የለ፣ ሂና የለ፣ ከባዕድ ወንድ ፊት መውጣት የለ። ዋርሳዋ፣ ያ የባሏ ወንድም፣ በየቀኑ እየመጣ ግቢው ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ይቀመጣል፤ ሲሄድ የውጭውን በር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። የአትክልት ሻጩ እንኳ ሰላጣና ቲማቲሙን በበሩ ክፍተት ነበር የሚያቀብለኝ። ከአጥሩ ወዲያ ባጃጆቹ፣ እነሱ ረክሻ የሚሏቸው፣ ሲንጣጡ፣ ሴቶች እየተሳሳቁ ሲያልፉ እሰማለሁ። ያን ድምፅ መስማት ከሁሉ ይከብደኝ ነበር። መንገዱ ከትራሴ ብዙም አይርቅም፤ እኔ ግን አላውቀውም።

ቀንድ አውጣዎቹን ያየናቸው በዚያ ጊዜ ነው። በመጀመሪያ አንዲት፣ ከዚያ ጥቂት፣ ከዚያ መስታወቱ በሙሉ ቡግር እንዳወጣ ፊት ሆነ። ማዳሜ መስታወቱን በጥፍሯ እየፋቀች "የእሱን ገንዳ በሉብኝ" አለች። ከዚያ ለዓሣ ሻጩ ደወለችለት። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ልውጥ ብሎ ነበር።

"ከተክሉ ጋር ነው የገቡት አለኝ" አለች። "አዲስ ተክል ሲመጣ በደንብ ታጥቦ ለብቻው ባልዲ ውስጥ መሰንበት ነበረበት፤ እንቁላላቸው ቅጠሉ ሥር ተለጥፎ ይመጣል። ደግሞ ዓሦቹን መቼ መቼ ታበያቸዋለሽ አለኝ። ባስታወስኩ ቁጥር አልኩት። እንግዲያው የምታረቢያቸው አንቺ ነሽ አለኝ። ዓሦቹ የተዉት ፍርፋሪ ሲሰምጥ የሚበሉት እነሱ ናቸው።"

ስልኩን አስቀምጣ "ሌላ ምን ልሥራ?" አለች። "እሱና እኔ የምንጫወተው ዓሦቹን ስናበላ ነበር።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ የዓሦቹ ምግብ በቁንጥር ሆነ። ማታ ማታ ሰላጣ በፈላ ውኃ ነካ አድርጌ ንጹሕ ድንጋይ ላይ በክር አስሬ ወደ ገንዳው እሰድደዋለሁ። ጠዋት ቀስ ብለን ስናወጣው ቅጠሉ በቀንድ አውጣ ተሞልቶ ይከብዳል። እሱን ለጎረቤት ዶሮዎች በአጥር እወረውርና ወደ መስታወቱ እንመለሳለን። እንቁላሎቹ እንደ ቀዘቀዘ የሥጋ መረቅ ጠብታ የሚያንሸራትቱ ናቸው፤ እነሱን በአሮጌ ካርድ እየፋቅን በጨርቅ እናነሣለን። አልቀዋል ብለን ስናበቃ ከጠጠሩ ሥር ሌሎች ይወጣሉ። እንደገና ቅጠል፣ እንደገና ለቀማ።

ማዳምና ሠራተኛ መሆናችን የቀረው በዚያ ሥራ ላይ ነው። ዐረብኛ አንቱ የለውም፤ አንቺ ነበር የምላት፤ በልቤ ግን አንቱ ነበረች። ስለ ቦርከና ወንዝ አጫወትኳት፤ እሷ ስለ አባቷ የባሕሪ ቤት። በአማርኛ ቀንድ አውጣ ምን እንደሚባል ጠየቀችኝና "ገንድ አውታ" እያለች አፏን ስታጣምም ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ሰው የሰማት መስሏት አፏን በነጩ ልብሷ ያዘች።

ዋርሳዋ ግን ገንዳውን በሌላ ዓይን ነበር የሚያየው። ለአንድ ነጋዴ ሊሸጠው ተስማምቷል። ነጋዴው ቀንድ አውጣዎቹን በመስኮት አይቶ ፊቱን ስላዞረ ዋርሳዋ ተናደደ። አንድ ቀን እሷ መኝታ ቤት ስትሰግድ በጠርሙስ ሰማያዊ መድኃኒት ይዞ ገባ። ዓሣ ሻጩ ስለዚህ መድኃኒት አስጠንቅቋት ነበር፤ ቀንድ አውጣው ሁሉ በአንዴ ሲሞት ጠጠሩ ሥር በስብሶ ውኃውን ይመርዘዋል ብሏት ነበር። እየሮጥኩ ሄጄ ብነግራትም እሷ ስትደርስ ጠርሙሱ ባዶ ሆኗል። ፊቷን ሸፍና ውኃውን እንለውጥ ብትለው በሩ ላይ ቆሞ "ኻላስ፣ አበቃ፤ ማንም እንዳይነካው" አላት።

በማግስቱ ውኃው የወተት እጣቢ መሰለ። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ሳሎኑን ሞላው። ዓሦቹ አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው ያዛጋሉ። በዚያ ላይ መብራት ጠፋና ሞተሩ ዝም አለ። ያን ያህል ጊዜ ሲንተከተክ የኖረ ድምፅ ሲቋረጥ ቤቱ አስፈራኝ።

"ውኃ አምጪ" አለችኝ። "የቧንቧውን አይደለም፤ ውስጡ ያለው ክሎሪን ይገድላቸዋል። ያደረውን የዚሩን።"

ዚር የሚሉት ውኃ የሚቀዘቅዝበት ትልቁን እንስራ ነው፤ ከኒሙ ዛፍ ሥር ይቆማል። ወንዶቹ የሚቀመጡት እዚያው ነው፤ ያን ቀን ነጋዴውም አብሯቸው ነበር። ባልዲ ይዤ ስጠጋ ዋርሳዋ መቅጃውን ከእጄ ነጠቀኝ።

"የእንግዳ ውኃ ነው። ያላ፣ ወደ ውስጥ።"

"ዓሦቹ እየሞቱ ነው" አልኩት።

"ይሙቱ። ሌላ ይገዛል።"

ያን ጊዜ የሳሎኑ በር ተከፈተ። ማዳሜ በነጭ ልብሷ ደረጃው ላይ ቆመች። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ፀሐይ ነክታት አታውቅም፤ ዓይኗን በእጇ ከለለች። ከዚያ ማንንም ሳታይ ግቢውን አቋርጣ መጣችና እጇን ዘረጋች። ዋርሳዋ መቅጃውን አልሰጣትም። ከወንዶቹ መሐል አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ተነሥተው እንዳያዩዋት ወንበራቸውን አዙረው ፊታቸውን ወደ አጥሩ መለሱ። አጠገባቸው ያለውም አዞረ። አንድ በአንድ ሁሉም አዞሩ፤ ነጋዴው ሳይቀር። ፊቱን ያላዞረው ዋርሳዋ ብቻ ነበር። እሱም በመጨረሻ መቅጃውን መሬት ላይ ጣለው።

እሷ እየቀዳች እኔ ተሸከምኩ። ዓሦቹን በወንፊት እያወጣን በዚሩ ውኃ ወደ ተሞላ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አዛወርናቸው። ጨለማ እስኪሆን ጠጠሩን በእጃችን እያፈስን አጠብን። ሽታው ከእጄ ቶሎ አልለቀቀም። የሚበዙት ሞቱ፤ ጥቂቶቹ ተርፈው ወደ ታጠበው ገንዳ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ይበልጥ ጠበበን። ሐብሷን አፈረሰች ተብሎ የቤተሰቡ ሴቶች ሲመጡ ወሬያቸው በሹክሹክታ ሆነ። ዋርሳዋ የአትክልት ሻጩን ከለከለ። እኔንም ኩሽና ድረስ መጥቶ "ሐብሱ ሲያልቅ ጀብራ ሰፈር፣ እኔ ቤት ነው የምትሠሪው" አለኝ። አነጋገሩን ሳስታውስ ዛሬም ይሰቀጥጠኛል። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለማን እናገራለሁ? ከመድኃኒቱ ለተረፉ ቀንድ አውጣዎች ጎረቤት በአጥር ያቀበለችኝን ቅጠል ሳስር ግን ክሩን ደጋግሜ ስበጥስ ማዳሜ አየችና አስለፈለፈችኝ። ከዚያ ወደ ለቀማዋ ተመለሰች። የተናገርኩትን ሁሉ የረሳችው መስሎኝ ከፋኝ።

ሐብሱ አበቃ። ሴቶቹ አጠቧት፤ ነጩ ወልቆ ባለ ቀለም ቶብ ለበሰች። ዋርሳዋ መጥቶ ቤቱ የአባታቸው መሆኑን፣ ልብሷንና ወርቋን ይዛ ወደ አባቷ ቤት መሄድ እንደምትችል ነገራት። እኔ የሻይ ትሪ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

"ገንዳውስ?" አለችው።

"ገንዳው እዚህ ይቀራል።"

"የኔ ነው። ያንተ እንግዶች ሁሉ ወንድምህ የእሷ ነው ሲል ሰምተዋል። እኚያን ሽማግሌ ልጥራቸው?"

ዋርሳዋ ወደ ግቢው ዞሮ አየ።

"ውሰደው" አለች። "ለምትፈልገው ሽጠው፤ አልከራከርህም። የልጅቷን ጀዋዝ ስጠኝ።"

ትሪውን ሳላስበው ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ። ዋርሳዋ እኔን አየ፣ ገንዳውን አየ። ገንዳው ንጹሕ ነበር፤ ያን ጠዋት አንድም ቀንድ አውጣ አልነበረበትም። "ነገ" ሊል ሲጀምር እሷ ቁጭ አለች። "ዛሬ። እስክታመጣው እጠብቃለሁ።"

አመጣው።

ዛሬ ያ ግቢ ይኑር አይኑር አላውቅም። ጦርነቱ ከገባ ወዲህ ስልኳ አይጠራም። ቡሪ እንዲህ ሆነ፣ ባሕሪ እንዲህ ሆነ ሲባል ሬዲዮኑን ከፍ አደርግና ደግሞ እዘጋዋለሁ። ከባሕሪ ወደ አገሬ የሸኘችኝ እሷ ናት፤ እኔ ግን የት እንደደረሰች የሚነግረኝ አላገኘሁም።

የማልረሳው ከግቢው የወጣንበትን ቀን ነው። ሳሎኑን ለቅቃ ስትወጣ መዳፏን ገንዳው ላይ አሳረፈች፤ የተረፉት ዓሦች ምግብ መስሏቸው ወደ እጇ መጡ። ጥቂት ቆይታ እጇን አነሣች። ውጭ ሙቀቱ ፊታችንን ገረፈን፤ አቧራና የተጠበሰ ለውዝ ይሸታል። ረክሻ አስቆመችና ሻንጣዋን ጫንን።

"ወዴት?" አለ ሹፌሩ።

እሷ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺስ? ወዴት መሄድ ትፈልጊያለሽ?"

ያን አገር ከረገጥኩ ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። መንገዱን ግራና ቀኝ አየሁ። ሹፌሩ ጠብቆ ጠብቆ ሞተሩን አጠፋ። እሷ ጀዋዙን የጨበጠውን እጄን በሁለት እጇ ያዘችና "ቀስ ብለሽ አስቢ" አለችኝ። "የሚያስቸኩለን የለም።"