ሳይናደዱ ይንገሩኝ

ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ፤ በቢቸና አውራጃ ፍርድ ቤት አቤቱታ ጸሐፊ። ከሞጣ ድረስ በእግሩ የመጣ ባለጉዳይ ንዴቱን ሁሉ ከፊታቸው ሲያፈስ ብዕራቸውን ሳያነሡ ይሰሙታል። ሲጨርስ፣ «እሺ፤ አሁን ደግሞ ሳትናደድ ንገረኝ» ይሉታል። የሚጽፉት ሁለተኛውን ብቻ ነበር። እቤትም ስንጣላ እንዲሁ ያደርጉን ነበር።

ዓይናቸው ጨርሶ የጠፋው ገና በጎልማሳነታቸው ነው። ደብረ ማርቆስ ያሉ ሐኪሞች ካዩዋቸው በኋላ ማኅተም ያለበት ወረቀት መጣ፤ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። «ለማናቸውም ሥራ ብቁ ስላልሆኑ ዕድሜያቸው ሳይደርስ ጡረታ ተፈቅዶላቸዋል» ይላል።

ጋሼ ከበርጩማቸው ብድግ አሉ። «ጆሮዬ አለ፣ አፌ አለ፣ ሕጉ በሙሉ እዚህ አለ!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። «ማን ነው ለምንም አይሆንም ያለኝ?»

እስኪደክማቸው ጠበቅሁና፣ «ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ሳይናደዱ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

ተመልሰው ተቀመጡ። እጃቸውን ወደ ፊቴ ሰደዱና፣ «ልጄ፣ መልክሽ እየጠፋኝ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ እሳቸው ደጃችን ላይ ሆነው እየተናገሩ፣ እኔ እየጻፍኩ፣ የስንቱን አቤቱታ አደረስን!

ባለፈው ሳምንት ከቀበርናቸው ወዲህ በሁሉም ተናድጃለሁ፤ ዘግይቶ በመጣው ሐኪም፣ እህል ቅመሺ ባሉኝ ለቀስተኞች፣ ሳይሰናበቱኝ በሄዱት በጋሼም። ዛሬ ጠዋት ወረቀትና ብዕር ይዤ ከባዶው በርጩማ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ጋሼ፣ ንዴቴን ጨርሻለሁ። ሁለተኛው ይኸውልዎ፦ ድምፅዎ እንዳይጠፋኝ እፈራለሁ።