ያስፈታሁት ጾም

ባለቤቴን አስናቀን ከቀበሌ ሰልፍ ተመልሶ፣ ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤታችን በር ላይ ቆሞ ደረቱን በመዳፉ ተጭኖ አገኘሁት። ሁዳዴ ከተያዘ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። «ደክሞኝ ነው እንጂ ምንም አይደል» አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ታላቅ ወንድሙ በአርባ ዓመቱ በድንገት ነው የሞተው። አስናቀ ያን ጊዜ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

እኔ ብልጧ ወዲያው ፈረድሁ፤ ጾሙ ጎድቶታል አልሁ። ሽሮና ክክ ለፋብሪካ ሠራተኛ ምን ጉልበት ይሆናል? የነፍስ አባታችንን ሄጄ ለመንኋቸው። «ለታመመ ተፈቅዷል ልጄ፤ ይብላ» አሉኝ። ጢስ ዓባይ ካለችው እናቴ ቅቤ አስላክሁ። ጠዋት ገንፎ በቅቤ፣ ማታ የበግ ወጥ። በእጄ አጎርሰው ነበር።

አሥራ ሁለት ቀን በላ። በአሥራ ሦስተኛው ገበታ ላይ ተቀምጦ ሳለ ወደቀ። ከንፈሩ ጠቆረ። ጮህሁ። ጎረቤቶች በብርድ ልብስ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱት።

ሐኪሙ «ማዮካርዲያል ኢንፋርክሽን፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም ነው» አለ። «ኮሌስትሮል የልቡን ደም ሥር አጥብቦታል። ሁለት ቀን ካለፈ ተስፋ አለን። ምን ነበር የሚበላው?»

በኩራት ቆጠርሁለት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እህቴ፣ ሲያግዘው የነበረውን ነው ያስተውሽው። የባቄላና የምስር ፕሮቲን ቅቤና ሥጋን ሲተካ፣ ጉበት ኮሌስትሮሉን ከደም እየሳበ ያወጣዋል።»

ሁለቱ ቀኖች አለፉ። እንዴት እንዳለፉ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ አስናቀ ሐኪሙ ያዘዘለትን ክኒን ሳያቋርጥ፣ ፋሲካ መጥቶ ጎረቤቱ ሁሉ በግ ሲያርድ እኛ ቤት ምስርና ሽምብራ በጥቂት ዘይት እየተሠራ፣ በየማለዳው መጀመሪያ እስከ ጣና ዳር ዋርካዎች፣ ቆይቶም ከዚያ አልፈን ቀስ እያልን እየተራመድን ክረምቱ ገባ። ለምርመራ አዲስ አበባ የተላከው ደሙ ኮሌስትሮሉ መውረዱን አሳየ። ሐኪሙን እግዚአብሔር ይስጠው፤ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም።

የወቀስሁት ራሴን ነው። አንድ ጠዋት ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ይህንኑ ስነግረው አስናቀ አንገቱን ደፋ። «ቅቤውን በበላሁ ቁጥር ደረቴን ይጫነኝ ነበር» አለ። «አንቺ ደስ ብሎሽ ስታጎርሺኝ ጊዜ እንዴት ልንገርሽ? ዝም አልሁ።»

የምታስታምሙ ሁሉ፣ ጾም ከማስፈታታችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ። በሽተኛውንም ጠይቁት። እኔ በእነዚያ አሥራ ሁለት ቀኖች «ብላ» አልሁት እንጂ «ይስማማሃል ወይ?» አላልሁትም።