በሻማ የሚሠራው ቴኒስ

ነገሩ በጠቅላላው ያስወጣን አንድ ደህና ቴሌቪዥን፣ የቡፌው አንድ መስታወትና ከእትዬ ሰዓዳ ጋር የነበረን ጉርብትና ነው። በዛ የሚል ካለ ሱቄ ኮምቦልቻ ነው፣ መጥቶ ይከራከረኝ፤ እኔ ዋጋ ሲጠሩብኝ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። ዛሬም መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ባንኮኒው ላይ ያለውን ሻማ እፍ ብዬ ሳጠፋውና ክሩ ጨስ ጨስ ብሎ ያ የቀለጠ ሰም ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው፣ ክንዴ ሳላዝዘው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ኳስ ሊመታ።

አክስቴ ዘሃራ ከጅዳ የመጣችው በበጋ ነበር፣ የኮምቦልቻ ፀሐይ ቆርቆሮውን ቋ ቋ በሚያሰኝበት ጊዜ። ሻንጣዋን ከፍታ ከብርድ ልብሱና ከሽቶው መካከል አንድ ነጭ ሣጥን አወጣች፤ የአሠሪዎቿ ልጆች ሰልችቷቸው የተዉት ጌም ነበር። እኛ ሰፈር ጌም ማለት ጌም ቤት ገብቶ አውራ ጣትን መላጥ ነበር፤ ይህኛው ግን በእጅ የሚያዙ ሁለት አጫጭር በትሮች ብቻ ነበሩት፣ አንዱን አየር ላይ ስትሰነዝረው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ ይሰነዝራል። አክስቴ ከቴሌቪዥኑ አናት ላይ አንዲት ቀጭን ጥቁር ዘንግ አስቀምጣ «ይቺን እንዳትነኩ፣ የዕቃው ዓይን እሷ ናት» አለችን።

እህቴ ሃያት በዚያ ዓመት ደጅ ተከልክላ ነበር። ከዚያ በፊት የካልሲ ኳስ ስትወረውር የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ግንብ ጥግ ይደበቅባት ነበር፤ አባቴ ግን አንድ ቀን ከሱቅ ሲመለሱ ቀሚሷን ሰብስባ ስትሮጥ አይተው «ከእንግዲህ ይብቃሽ፣ ደርሰሻል» አሏትና በዚያው ቀረ። የስፖርት መምህሯ ለሴቶች የእጅ ኳስ ቡድን ሲመርጣትም አባቴ አልሰማሁም አሉ። ከትምህርት ቤት ትመለሳለች፣ ከዚያ ወጥ ቤትና ሳሎን ነው፤ ክንዷ ልብስ ከማጠብ በቀር ሥራ አልነበረውም።

የምንጫወተው ቴኒስ ነበር፤ ሲሠራ ደስታው ለብቻው ነበር፣ ሲያብድ ደግሞ ያሳብድ ነበር። እኔ ክንዴ እስኪገነጠል ስወነጭፍ ሰውዬዬ ቆሞ ያየኛል፣ ሃያት አንጓዋን ብቻ ዞር ስታደርግ ኳሱ እንደ ጥይት ይሄዳል። በመስኮት ፀሐይ ሲገባ ዕቃው ዓይኑ ይፈዝና ስክሪኑ ላይ ያለችው እጅ እንደ ሰካራም ትንቀጠቀጣለች፤ ስለዚህ መጋረጃውን እንዘጋ ነበር። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም በጥርሳችን ነክሰን፣ ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ ካልሆነ ከአባቴ ራዲዮ ውስጥ አውጥተን እናስገባ ነበር። «ወላሂ ዕቃው አላየኝም!» ብዬ ስጮህ፣ ሃያት «ምንህን ይይ፣ ከሶፋው አትበልጥ!» ትለኝ ነበር።

በበልግ አይጥ የዘንጓን ሽቦ በላችው። ዘንጓ ከሌለች ስክሪኑ ላይ ያለችው እጅ አትመጣም፣ እጅ ከሌለች ደግሞ ጨዋታ መምረጥ አይቻልም። አባቴ ዕቃ ሊያመጡ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ሲሄዱ ዘንጓን ፒያሳ ለአንድ ጠጋኝ አሳዩና «መለዋወጫ የለውም ብሏል» ብለው ተመለሱ፣ ደስታቸውን እንኳ አልደበቁም። እኛ ግን ዕቃውን በየቀኑ እየከፈትን የመግቢያ ሙዚቃውን እንሰማ ነበር፣ ሕመምተኛ እንደሚጠይቅ ሰው። አንድ ምሽት ዝናብ መጥቶ መብራት ጠፋና እናቴ ሁለት ሻማ ለኩሳ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ቡፌው ላይ አቆመች፤ መብራቱ ሲመለስ እኔ ለሙዚቃው ስል ዕቃውን ከፈትኩ፣ ሃያትም በልማድ አንዱን በትር አነሳች፣ እጇም ስክሪኑ ላይ ከች አለች። ሻማውን ስናጠፋው ጠፋች፣ ስንለኩሰው መጣች። ዓይኑ ሻማ ሆነ።

ክረምት ሲገባና ትምህርት ሲዘጋ አባቴ ሱቅ፣ እናቴ ገበያ ሲሄዱ መጋረጃችንን ዘግተን፣ ሻማችንን በቀን ለኩሰን እንጫወት ነበር። አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ ሰዓዳ ወንፊት ሊዋሱ ሳያንኳኩ ብቅ አሉ። ያዩት ይሄን ነው፦ ጨለማ ሳሎን፣ ሁለት ሻማ፣ ነፋስ እንዳያጠፋው በሁለት እጄ ከልዬ የተንበረከክሁ እኔ፣ ሻሿን ወገቧ ላይ አስራ፣ ላብ አጥምቋት፣ አየሩን እየደበደበች «እንካ! እንካ!» የምትል ሃያት። «አኡዙ ቢላህ!» አሉና ወንፊቱን ረስተው ወጡ። እስከ አባቴ ሱቅ ድረስ ለመንገደኛው ሁሉ ሳይነግሩ አልቀሩም፤ በማግሥቱ ሰፈሩ ሃያትን ጂን ይዟታል ይል ነበር፣ ማንም ልጁን አይድርላትም የሚልም ነበር።

አባቴ ከጁምዓ መልስ የመስጊዱን ሼህ ይመርን ዱዓ እንዲያደርጉላት ይዘዋቸው መጡ። «እሷ ላይ ቁርአን ይቅሩባት፣ ዕቃውን ነገ ቦርከና ወንዝ እጥለዋለሁ» አሏቸው። ሃያት ከወጥ ቤት ወጥታ መሐል ሳሎን ቆመች።

«አባ፣ አንድ ጊዜ ይግጠሙኝ። ካሸነፉኝ ራሴ ቦርከና እጥለዋለሁ። ካሸነፍኩ ግን የእጅ ኳስ ቡድን እገባለሁ።»

«ሰው ፊት እንዲህ ትናገሪኛለሽ?»

«ሼኩ ምስክር ይሁኑ ብዬ ነው።»

ሼህ ይመር ፍራሹ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። «ሐሰን፣ ሴት ልጅ ፈራህ እንዴ?»

አባቴ በወጣትነታቸው በዱላ ግጥሚያ ስማቸው የተጠራ ሰው ነበሩ፤ ስቀው ኮታቸውን አወለቁ። ሃያት ሻማዎቹን ለኩሳ ቴኒሱን ከፈተች፤ አንዱን በትር ሰጥታ፣ ሌላውን ራሷ ይዛ «ማሰሪያውን እጅዎ ላይ ያጥልቁት» ስትላቸው «እኔ ከብት ነኝ የምታስሪኝ?» አሉ። የመጀመሪያው ኳስ አለፋቸው፣ ሁለተኛውም። «በርታ እንጂ ሐሰን!» እያሉ ሼኩ በሳቅ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሦስተኛው ሲመጣ አባቴ ከተረከዛቸው ተነስተው በሙሉ ክንዳቸው አሳረፉት፣ በትሩ ከእጃቸው አምልጦ ቴሌቪዥኑን ግንባሩ ላይ አገኘው፣ ነጥሮም የቡፌውን መስታወት አወረደው። ቴሌቪዥኑ አንዴ ጧ ብሎ ጨሰ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሼህ ይመር፣ «ጂኑ ወጣ።»

አባቴ ነጋዴ ናቸውና ወዲያው ወደ ውሉ ገቡ። «ጨዋታው አላለቀም፣ ስለዚህ ያሸነፈ የለም።» ሃያት ንቅንቅ አላለችም። «አባ፣ አንዱንም አልመቱም» አለች።

ሼኩ ሳቃቸውን ዋጡ። «ሐሰን፣ በዱላ ግጥሚያ ዱላው ከእጁ ያመለጠ ሰው ምን ይባላል?»

አባቴ ጎንበስ ብለው የመስታወቱን ስብርባሪ መልቀም ጀመሩ።

«ንገረን እንጂ፣ አዋቂው አንተ ነህ።»

«ተሸነፈ ይባላል» አሉ አባቴ፣ ቀና ሳይሉ።

መስከረም ላይ ሃያት ቡድኑ ውስጥ ገባች። ደሴ ላይ ስትጫወት አባቴ ዕቃ ልገዛ ነው ብለው ሄደው፣ በዚያ ብርድ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከሰው ኋላ ቆመው እንደነበር ያየ ሰው ነግሮናል፤ እኛም ጠይቀናቸው አናውቅም። እትዬ ሰዓዳ ግን ጂን የለም ሲባሉ ቤተሰቡ ሸሸገው አሉ፤ ወንፊት እንኳ ከእኛ ቤት መዋስ ተዉ።

አድጌ ይህን መሳይ ዕቃ መሸጥ ስጀምር ነገሩን አወቅሁት፤ በትሩ የሚያየው የዘንጓን ሁለት የማይታዩ መብራቶች ነበር፣ ሻማዎቹንም እነሱ መስለውት ነው፤ ደግሞም ሻማው የሚያስፈልገው ጨዋታውን ለመምረጥ ብቻ ነበር፣ ቴኒሱ ያለሱም ይሄድ ነበር። ያን ብናውቅ ኖሮ ሻማውን አጥፍተን፣ መጋረጃውን ገልጠን እንጫወት ነበር፤ እትዬ ሰዓዳም ላብ ያጠመቃት ልጅ ብቻ አይተው ወንፊቱን ተውሰው ይሄዱ ነበር፤ ሃያትም እስክትዳር ሳሎን ውስጥ አየር ስትመታ ትኖር ነበር። ጌም ልጅ ያበላሻል የሚሉኝን ደንበኞች አልከራከርም፣ ዋጋውን ብቻ እነግራቸዋለሁ። የእኔ ልጅ ዛሬ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶላት ሶፋ ላይ ተጋድማ ስልክ ትነካካለች፤ የስፖርት መምህርት የሆነችው አክስቷ ሃያት ከደሴ ስትመጣ ስልኩን ትቀማትና እየገፋች ደጅ ታወጣታለች።

ቴሌቪዥኑ አልተጠገነም። እትዬ ሰዓዳ አልታረቁንም። ሃያት ደጅ ናት። አትርፈናል።