የጋሼ ጥርስ
ሰው ወደ ውጭ አገር መላክ ሥራዬ ነው። እኔ ራሴ ከዲላ ወጥቼ የማውቀው በላይ አዲስ አበባን፣ በታች ሞያሌን ብቻ ነው፤ የሚስቅ ይሳቅ። በአንድ ቡና ላኪ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው። ውጭ ተመድቦ የሚሄድ ሠራተኛ ሲኖር ፓስፖርቱን፣ ምርመራውን፣ አበሉን፣ እስከ ካፖርቱ ድረስ የማሰናዳለት እኔ ነኝ።

ጀርመን ያለው ገዢያችን ለሁለት ዓመት አብሮት የሚሠራ ቡና ቀማሽ ፈለገ። ያለን ቀማሽ አንድ ናቸው። የአሪቻ ቀበሌ ሰው፣ ሃምሳን የዘለሉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። በማንኪያ ሳብ አድርገው ይተፉና ቡናው ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ ይናገራሉ። ሁለት ልጆቻቸው ዩኒቨርሲቲ ስለሆኑ ይህን ምደባ በጣም ፈልገውት ነበር።

ጥቅማ ጥቅሙን ሳነብላቸው የብርድ አበል የሚለው ላይ አስቆሙኝ።

«ለብርድ ይከፈላል?»

«ይከፈላል ጋሼ።»

«ታዲያ እዚሁ ደጋችን ላይ በብርድ የሚንቀጠቀጠው የቡሌ ሰው ምን አጠፋ?» ብለው ሳቁ። ጋሼ ሲስቁ አፋቸውን ከፍተው ነው፤ ከላይ አራቱ የፊት ጥርሶቻቸው የሉም። ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ ልብ ብዬው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን በጀርመኖቹ ዓይን አየሁት።

«እዚያ ስብሰባ አለ፣ ፎቶ አለ። ጥርስዎን ብናስተክልስ?» አልኳቸው።

«ያስነውራል እንዴ?»

«ኧረ እኔንስ ምንም አይለኝም፣ ለእነሱ ብዬ ነው።» ውሸቴን ነው፤ አሳፍሮኝ ነበር።

ለሕክምና ከተያዘው በጀት ላይ አስፈቅጄ አሠራሁላቸው። የሚወልቅና የሚገባ፣ ላንቃቸውን በሚሸፍን ሮዝ ፕላስቲክ ላይ የተተከለ ጥርስ ነው። ቢሮው ሁሉ ሙሽራ እያለ አሾፈባቸው። እኔም እንደ ትልቅ ሥራ ኮራሁበት።

በሦስተኛው ቀን የገዢው ወኪል ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ሊፈትናቸው ዲላ መጣ። ስኒዎቹ ተደረደሩ። ጋሼ ቀመሱ፣ ደገሙ፣ የዱመርሶ ቀበሌን ቡና የአሪቻ ነው አሉ። ቀጥሎ የመጣው የራሳቸው የአሪቻ ቡና ነበር፤ እሱን ጭራሽ አላወቁትም። ወኪሉ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጋሼ የሚያዩት እኔን ነበር።

«ምን ሆኑ?» አልኳቸው ጠጋ ብዬ።

«አፌ የእኔ አልመስለኝ ብሎኛል፤ ይሄ ጥርስ ከገባ ጀምሮ ጣዕም አይሰማኝም።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩኝም?»

«እንዲያ ደክመሽበት? ይለመዳል ብዬ።»

ቀማሽ በላንቃውም ጭምር እንደሚሠራ ቢሮ ተቀምጬ ከየት ልወቅ? ግን መጠየቅ እችል ነበር። ከፓስፖርት እስከ ካፖርት ስጠይቅ የከረምኩ ሰው ስለ ምላሳቸው አንድ ጥያቄ አልጠየቅኋቸውም። በጣም አፈርኩ።

ጋሼ ወደ ግድግዳው ዞረው ጥርሱን አወለቁ። በመሐረብ ጠቅልለው እጄ ላይ አኖሩልኝ፣ አፋቸውን በውሃ ተጉመጠመጡ፣ ከመጀመሪያው ስኒ እንደገና ጀመሩ። ሁሉንም በየቀበሌው ለዩአቸው፤ አንዱን ቡና ያጠበው ሰው ውሃ እንደቆጠበ እንኳ ለወኪሉ ነገሩት። ወኪሉ ፈረመ።

ሄዱ። አበላቸው በሰዓቱ ይገባል፣ ልጆቻቸውም ይማራሉ። ጥርሱን ይዘውት አልሄዱም፤ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።

በየወሩ በቪዲዮ እደውልላቸዋለሁ። «ብርዱስ ጋሼ?» እላቸዋለሁ። «የቡሌን አያህልም» ይሉና ይስቃሉ። ሲስቁ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። ዲላ ሳሉ፣ ስለ ጥርሳቸው ከመናገሬ በፊት፣ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አድርገው አያውቁም።