ወረፋ የያዘች ጀሪካን

ኮልፌ፣ ሱቄ በር ላይ፣ የዘይት ጀሪካን በሙቅ ውሃና በሳሙና ሳጥብ ያ የላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው እጄ ሥራውን ይተዋል። ደንበኛ «ሰውዬ፣ ትሸጣለህ ወይስ ትተክዛለህ?» ይለኛል። ሁለቱንም እችላለሁ፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ ሌላ ምን ይሠራል?

ያኔ እኔና አብሮ አደጌ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላንም። የሰፈራችን የውሃ ቦኖ ከደረቀ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። በኛ ሰፈር ወረፋ የሚይዘው ሰው ሳይሆን ጀሪካን ነው፤ ባለቤቱ ቤቱ ቢተኛ እንኳ ከኋላው ያለው ሰው የራሱን ሲያስጠጋ የሱንም በእግሩ ገፋ ያደርግለታል። የሰው ጀሪካን የዘለለ ሰላም የሚለው አያገኝም።

አንድ ጠዋት እናቶች ያንኑ ወረፋ እንዳለ አንስተው ወደ አየር ጤና በሚወስደው አስፋልት ላይ ደረደሩት። አብሮ አደጌ ባዶ ጀሪካኑን ገልብጦ መደብደብ ጀመረ። ሁለቴ ቀስ፣ ሦስቴ ቶሎ ቶሎ። ሰፈሩ ተቀበለው። ታክሲዎች ቆሙ፤ ወያላዎቹ እንኳ ተሳድበው ሲደክማቸው በር እየመቱ አጀቡን።

በሦስተኛው ቀን ኮት የለበሰ የፓርቲ ሰው መጣ።

«ጥያቄያችሁ ጥያቄያችን ነው» አለ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቤት ውሃ አለ?» አለችው አንዷ። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ።

አብሮ አደጌ ግን አልሳቀም። «እስከ መቼ ጀሪካን እንደበድባለን? ድምፃችንን ወደ ላይ የሚያደርስ ያስፈልገናል» አለኝ። «ማክሰኞ መልስ ይዤ እመጣለሁ፤ ጀሪካኔን ጠብቅልኝ።» ከሰውየው ጋር ሄደ። የጀሪካኗ እጀታ ላይ እናቱ ያሰሩባት ቀይ ጨርቅ ነበር።

ውሃው ቅዳሜ መጣ። ያ ፓርቲ «በትግላችን» ብሎ ወረቀት በተነ፤ ገዢው ፓርቲ «በልማታችን» ብሎ ስብሰባ ጠራ። ጀሪካን ሲደበድብ መዳፉ ያበጠውን ሰው ያስታወሰ የለም።

ማክሰኞ አለፈ። በወሩ የጓደኛዬ ፎቶ ግንብ ላይ ተለጠፈ፤ ዕጩ ሆኗል። እኔ ባለ ቀይ ጨርቋን በእግሬ እየገፋሁ፣ ስትደርስ እየቀዳሁ ለእናቱ ማድረስ ያዝኩ።

«መጣ?» ይሉኛል በሩን ሲከፍቱ፣ ውሃውን ሳያዩት።

«ስብሰባ ላይ ነው፣ እትዬ።»

«ስብሰባው አያስጠማም?»

ባለፈው ሳምንት አብሮ አደጌ ሱቄ መጣ። ፀጉሩ ነጥቷል። ፓርቲው ተከፋፍሎ ተከፋፍሎ ሦስት ሰው ቀርቶታል አለኝ፤ ሦስቱም ሊቀመንበር። ከልባችን ሳቅን። ከዚያ የተደረደሩትን ጀሪካኖች አይቶ «ወረፋዬን የት አደረስከው?» አለኝ፣ እንደ ቀልድ።

«እናትህ እስኪያርፉ ድረስ ቀድቻለሁ» አልኩት።

ለቀብሩ መጥቶ ነበር፤ ውሃውን ማን ያመላልስላቸው እንደነበር ግን ያን ቀን አልጠየቀም።

አንዷን ባዶ ጀሪካን በጣቱ መታ መታ አደረጋት። ሁለቴ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ እጁ ቆመ።

ሦስቱን እኔ ጨረስኩለት።